ግራ ዳር የሚቆመው ሰው፦ የአሰልጣኝ አርቪድ ኒስካላ የሕይወት ታሪክ

አቶ አርቪድ ኒስካላ ከአባታቸው ከአቶ ሄርማን ኒስካላና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሂልያ እ.ኤ.አ. ማርች 9 ቀን 1923 ዓ.ም. በሚሺጋን ግዛት፣ በላይኛው ባሕረ ገብ መሬት፣ በአልደር ሌክ ከተማ ተወለዱ። ወላጆቻቸው በወጣትነታቸው ከፊንላንድ የመጡ ሲሆኑ፣ አባታቸው በብረት ማዕድኑ ጉድጓድ ውስጥ የጣሪያ ድጋፍ የሚያቆሙ ሠራተኛ ነበሩ። በተወለዱበት ዕለት በረዶው በሩን ደፍኖት ስለነበር አዋላጇ በመስኮት እንደገቡ እናታቸው እስከ ዕለተ ሞታቸው ሲያወሩት ኖረዋል። አቶ አርቪድ ግን ይህ ወሬ ሲነሳ ደስ አይላቸውም ነበር። «መስኮት ለመግቢያ አልተሠራም» ይሉ ነበር። እያንዳንዱ ነገር በተሠራለት ቦታ እንዲውል የሚፈልገው ጠባያቸው ከልጅነታቸው ጀምሮ አብሯቸው የኖረ ነው።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በከተማዋ ትምህርት ቤት ገቡ። እቤት የሚነገረው ፊንላንድኛ ብቻ ስለነበር እንግሊዝኛ የለመዱት እዚያው ነው። ሁለተኛ ደረጃ በገቡ በሁለተኛው ዓመት የትምህርት ቤቱን የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን ተቀላቅለው አንድ የመከር ወቅት በፊት መስመር ተሰለፉ። ሆኖም በዚያው ዓመት ክረምት አባታቸውን ከጣሪያ የወረደ ድንጋይ ጉልበታቸውን ሰብሮ አልጋ ላይ ስላዋላቸው፣ አቶ አርቪድ መጽሐፋቸውን ዘግተው የአባታቸውን መጥረቢያና መዶሻ አንሥተው ወደ ጉድጓድ ወረዱ። ዕድሜያቸው ገና አሥራ ስድስት ነበር።

አባታቸው ከአልጋቸው ሳይነሡ ሥራውን አስተማሯቸው። ቀጥ ያለው እንጨት የት እንደሚቆም፣ ጎባጣው የት፣ ገና ያልደረቀው የት፣ ሁሉንም በቃል አስያዟቸው። ከሁሉ በላይ የነገሯቸው ግን አንድ ድጋፍ ብቻውን እንደማይመዘን ነው። በስተቀኝና በስተግራ ያሉትን ሳያዩ ስለ አንዱ ጥንካሬ መናገር ሰው እንደሚያስገድል ደጋግመው አስጠንቅቀዋቸዋል። አቶ አርቪድ በሰማንያ ስድስት ዓመት ዕድሜያቸው ይህን የአባታቸውን ቃል የረሱት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ያም አንድ ጊዜ በዚህ የሕይወት ታሪክ ውስጥ ሳይጻፍ እንዳይታለፍ ራሳቸው አዝዘዋል።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በመሐንዲስ ጦር ውስጥ ተመድበው በጣሊያን አገር ወንዞች ላይ ድልድይ ሲሠሩ ቆይተው በ1945 ዓ.ም. በሰላም ተመለሱ። በማግሥቱም ዓመት የጎረቤታቸውን ልጅ ወይዘሪት ሌምፒ ሱኦማላን አገቡ። በ1947 ልጃቸው ሬይመንድ፣ በ1951 ደግሞ ልጃቸው ኢሌን ተወለዱላቸው። ወይዘሮ ሌምፒ ጥቂት የሚናገሩ፣ የተናገሩት ግን ለብዙ ጊዜ የማይረሳ ሴት ነበሩ።

በ1953 ዓ.ም. የትምህርት ቤቱ ቡድን ዋና አሰልጣኝ የነበሩት የሒሳብ መምህሩ አቶ ሃርላን ዊትኮምብ፣ የቀን ፈረቃ ሲያበቃ ማዕድን ሠራተኞች ልብስ ከሚቀይሩበት ቤት ድረስ መጡ። አቶ አርቪድ ፊታቸውን እየታጠቡ ነበር።

«ኒስካላ፣ ግንድ የሚያካክሉ ልጆች አሉኝ፤ ማንን የት እንደማቆም ግን ጨነቀኝ» አሏቸው።

«ግንድ ማቆምማ እንጀራዬ ነው» ሲሉ አቶ አርቪድ መለሱ። ፎጣውን ከፊታቸው ሳያወርዱ መስማማታቸውን አቶ ዊትኮምብ በኋላ ተርከዋል። ከዚያን ቀን ጀምሮ ለሠላሳ ሦስት መከሮች፣ ማዕድኑ እስኪዘጋ ከጉድጓድ እየወጡ፣ ያለ ምንም ክፍያ የፊት መስመሩን አሠልጥነዋል።

በዚህ ጨዋታ ሕዝብ የሚያጨበጭበው ለወርዋሪውና ኳሱን ታቅፎ ለሚሮጠው ነው። ከእነርሱ ፊት ጎን ለጎን ቆመው ተጋጣሚውን በደረታቸው የሚያግዱትን አምስት ልጆች ከእናቶቻቸው በቀር የሚያያቸው የለም። መሀል የሚቆመው ኳሱን በእግሮቹ መካከል ወደ ኋላ ለወርዋሪው ያቀብላል። ከእርሱ ግራና ቀኝ ሁለቱ ጎኖች፣ ከእነርሱም ውጭ ሁለቱ ዳሮች ይቆማሉ። ከሁሉ የሚከብደው ግራ ዳር ነው፤ በቀኝ እጁ የሚወረውር ሰው ለመወርወር ሲዞር ጀርባውን ለግራ ይሰጣልና፣ ከዚያ በኩል የሚመጣበትን አያይም። አቶ አርቪድ ለእያንዳንዱ አዲስ ልጅ፣ «ግራ ዳር ብትቆም ያንተ አካል ያንተ አይደለም፤ የሌላ ሰው ዓይን ነህ» ይሉት ነበር።

ቦታውን የሚደለድሉበት መንገድ የታወቀ ነበር። የወቅቱ የመጀመሪያ ጨዋታ ሊደረግ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ የመስመሩን ልጆች ሁሉ አባታቸው በሐይቁ ዳር በሠሩት የእንፋሎት መታጠቢያ ቤት፣ በሳውናው ውስጥ ያስገቧቸዋል። ልጆቹ ልብሳቸውን አውልቀው በደረጃ በተሠሩት አግዳሚዎች ላይ ይደረደራሉ። እርሳቸው ታች፣ ከምድጃው አጠገብ ተቀምጠው በጋለው ድንጋይ ላይ ውኃ ያፈስሳሉ። እንፋሎቱ ከሁሉ የሚበረታው በላይኛው አግዳሚ ነው። እዚያ ላይ ተቀምጦ መጨረሻ የሚወጣ ልጅ ግራ ዳርን ይይዛል። ለእኛ ለሐይቁ ዳር ሰዎች ይህ ማስረጃ የሚያስፈልገው ነገር አልነበረም፤ እንፋሎት ያልሸሸ ሰው ምንም አይሸሽም ብለን አድገናል። ከሌላ አገር የመጡ ቤተሰቦች ልጆች ይስቁብን ነበር፤ ነገር ግን እነርሱም ይገቡ ነበር።

በ1964 ዓ.ም. መከር ልጃቸው ሬይመንድ የመጨረሻ ክፍል ተማሪና የቡድኑ ወርዋሪ ነበር። የግዛቱ ዩኒቨርሲቲ እየተጫወተ እንዲማርለት ቦታ ይዞለት ስለነበር፣ ከቤተሰቡ መካከል ጉድጓድ ሳይወርድ የሚያድግ የመጀመሪያው ልጅ እንደሚሆን ሁሉም ያውቅ ነበር። በዚያ ዓመት አቶ አርቪድ የሚያቆሙት መስመር የገዛ ልጃቸውን ጀርባ የሚጠብቅ ነበር።

ለግራ ዳር ሁለት ልጆች ታጭተው ነበር። አንደኛው ታውኖ ሃካላ፣ አባቱ በጉድጓድ አደጋ የሞተበትና በእናቱ እጅ ያደገ የጎረቤት ልጅ ነው። ሁለተኛው ክላይድ ፔንሃል፣ አያቶቹ ከእንግሊዝ አገር ከኮርንዋል የመጡ ቆፋሪዎች የነበሩ፣ ረጅምና ዝምተኛ ልጅ ነው። በዚያ ሐሙስ ሁለቱም ላይኛው አግዳሚ ላይ ወጥተው፣ የጣሊያናዊው ጫማ ሰፊ ልጅ ጂኖ ፓስካሊ በመካከላቸው ተቀመጠ።

ውኃው ድንጋዩ ላይ በተደፋ ቁጥር ጂኖ ይጮህ ነበር። «ኮች፣ ኧረ በእናትዎ! ድንጋዩ ጠጥቶ ጠግቧል፤ አሁን እኛን ነው የሚቀቅሉት!»

ታውኖ፣ «ለመቀቀልማ ሥጋ መሆን ያስፈልጋል፤ አንተ ስብ ብቻ ነህ፣ ትቀልጣለህ እንጂ» አለው።

«ከቀለጥኩ ባንተ ላይ ነው የምፈሰው፤ ዘመዶችህ እንኳ አይለዩህም።»

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ጂኖ መጮህ አቆመ። ያኔ ክላይድ ክንዱን በትከሻው ላይ ጣል አድርጎ፣ «ጂኖ፣ ና ውጭ እንቀመጥ፤ እኔ አልቻልኩም፣ ሞቀኝ» አለውና ተያይዘው ወጡ። ታውኖ ከላይ ሆኖ፣ «እንግሊዙ ሸሸ!» ሲል ሁሉም ሳቁ። አቶ አርቪድም ፈገግ አሉ። ታውኖ ብቻውን እስኪቀር ቆየ፤ ሲወጣም ቆዳው እንደ ቲማቲም ቀልቶ እየዘለለ ሐይቁ ውስጥ ገባ።

በማግሥቱ አቶ ዊትኮምብ፣ «አርቪድ፣ ግራ ዳር ላይ ክላይድን አቁመው፤ ልጁ ዙሪያውን ያያል» ብለው ነበር።

«ክላይድ ሙቀት አልቻለም። ከኋላ የሚቆመው ልጄ ነው፤ ይህን ከኔ በላይ የሚያስብበት ሰው የለም» አሉ አቶ አርቪድ። እናም ታውኖን ግራ ዳር፣ ክላይድን ከእርሱ ቀጥሎ ግራ ጎን፣ ጂኖን መሀል አቆሙ።

በኦክቶበር ወር በስቶን ሃርበር ከተማ በተደረገው ጨዋታ፣ ከዕረፍት መልስ፣ ተጋጣሚዎቹ በግራ በኩል ሁለት ሰው ላኩ። አንደኛው ታውኖን ፊት ለፊት ገጠመው፤ ሁለተኛው ከእርሱ ጀርባ ታጥፎ በውጭ በኩል ዞረ። እንዲህ ሲሆን የዳሩ ሰው ፊት ለፊት ያለውን ለጎኑ ሰው ትቶ ውጭውን መያዝ አለበት። ክላይድ ክንዱን ዘርግቶ፣ «ውጭ! ታውኖ፣ ውጭውን!» ብሎ ጮኸ። ታውኖ ግን የያዘውን ሰው አለቀቀም። እየገፋ ወስዶ መሬት ላይ ደፋው፤ በሕይወቱ እንደዚያ ያለ ግፊያ ገፍቶ አያውቅም። በውጭ የዞረው ልጅ ማንም ሳያግደው ደርሶ ሬይመንድን ከጀርባው መታው። የሬይመንድ ዳሌ ተሰበረ። ከዚያን ቀን በኋላ ሬይመንድ ሮጦ አያውቅም፤ ግራ እግሩም አጥሮ ቀረ። ዩኒቨርሲቲው የያዘለት ቦታም በዚያው ቀረ።

በማግሥቱ ጠዋት በሆስፒታሉ መተላለፊያ የተሰበሰቡት ዘመዶች ሁሉ በአንድ ድምፅ ታውኖን ይረግሙ ነበር። ወይዘሮ ሌምፒ ይህን ጥቂት ካዳመጡ በኋላ ብድግ አሉ።

«ታውኖ፣ ታውኖ አትበሉብኝ። ልጁ ቁም የተባለበት ቦታ ቆመ» አሉ። ከዚያም ወደ ባለቤታቸው ዞረው፣ «አርቪድ፣ እዚያ ያቆመው ማነው?» ሲሉ ጠየቁ።

አቶ አርቪድ ቆባቸውን በእጃቸው እያዞሩ እስከ ቀትር እዚያው ቆሙ።

ከተማው ግን የወይዘሮ ሌምፒን ጥያቄ አልጠየቀም። በልብስ መቀየሪያው ቤት የታውኖ ስም በክፉ ይነሳ ጀመር። እናቱ በሚሠሩበት ዳቦ ቤት ሰዎች በሩ ላይ ደርሰው ወደ ሌላ ዳቦ ቤት ይሄዱ ነበር። ታውኖ ትምህርት ቤት መሄዱን ትቶ ሻንጣውን አዘጋጀ፤ ወደ ዲትሮይት ሄዶ መኪና ፋብሪካ ሊቀጠር ወስኖ ነበር። አቶ አርቪድ ይህን ሰምተው ቅዳሜ ዕለት ደጃፉ ላይ ቆሙ።

«ቅዳሜ ነው፤ ድንጋዩ ግሏል። ፎጣህን ይዘህ ና» አሉት።

«እርስዎ ቤት? ሬይመንድ ሆስፒታል ተኝቶ? ሰው ምን ይለኛል ኮች?»

«ሰው ስለ እኔ ሊል የሚገባውን ቢያውቅ ስላንተ ጊዜ አይኖረውም። ና።»

በእኛ ዘንድ ጠብ ይዞ ሳውና መግባት ነውር ነው። የተጣሉ ሰዎች እንኳ እዚያ ውስጥ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው የሚነጋገሩት። ታውኖ እንደ ገባ ወደ ላይኛው አግዳሚ መውጣት ሲጀምር አቶ አርቪድ፣ «ውረድ። ዛሬ ታች ነው የምንቀመጠው» አሉት። ጎን ለጎን ተቀመጡ። ከዚህ በኋላ የተባባሉትን ራሳቸው አቶ ታውኖ ለቤተሰቡ ነግረውታል።

«ያን ሐሙስ ክላይድ ለምን ወጣ?» ብለው ጠየቁት።

«ጂኖ ራሱን ሊስት ስለነበር ነው። ከንፈሩ ነጭ ሆኖ ነበር።»

«ክላይድ እኮ ሞቀኝ ብሎ ነው የወጣው።»

«ጂኖ እንዳያፍር ነው እንጂ ክላይድን አልሞቀውም፤ እንደኔ ደህና ነበር።»

«አንተስ ጂኖን አይተኸው ነበር?»

«አይቼዋለሁ።»

«ታዲያ ለምን አላወጣኸውም?»

ታውኖ መሬት መሬት እያየ፣ «ኮች፣ እርስዎ የሚያዩት ማን እንደሚቆይ ነበር። ማን ለምን እንደወጣማ አልጠየቁም። እዚያም ሜዳ ላይ ክላይድ ሲጮህ ሰምቻለሁ። ግን የያዝኩትን ከለቀቅሁ እንደ መውጣት መሰለኝ» አላቸው።

አቶ አርቪድ በእጃቸው የያዙትን ውኃ ድንጋዩ ላይ ሊያፈስሱ አንሥተው ነበር። መልሰው ወለሉ ላይ ደፉት። «ሰምቻለሁ» ብቻ አሉት፤ ከዚያም እሳቱ እስኪበርድ አብረው ተቀመጡ።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ የልጆቹ አባቶች አጥሩን ተደግፈው ቆመው ሳለ፣ አቶ አርቪድ የመስመሩን ልጆች ሰበሰቡ። ብዙ መናገር የማይወዱ ሰው ነበሩ፤ በዚያን ቀን ግን አጥር ዳር ያሉትም እንዲሰሙ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። «ልጄን ከጀርባው ያስመታሁት እኔ ነኝ። የማይለቅ ሰው መምረጥ ሲገባኝ የሚያይ ሰው መምረጥ… አይ፣ ገለበጥሁት። የሚያይ ሰው የሚያስፈልግበት ቦታ ላይ የማይለቅ ሰው አቆምሁ። ያቆምሁት ልጅ ያስተማርሁትን ሠራ። ስለዚህ ነገር የሚናገር ሰው ካለ ለኔ ይናገር፤ ቤቴን ታውቁታላችሁ» አሉ። አጥር ዳር የነበሩት ሁሉ ሰሙት፤ ከመካከላቸው አንዱም ቤታቸው ድረስ አልሄደም።

ከዚያም ክላይድን ግራ ዳር፣ ጂኖን ግራ ጎን አደረጉ። ታውኖን ደግሞ ወደ መሀል አመጡት። ጂኖ፣ «እንግሊዙ ተሾመልን! እንግዲህ ሻይ ሳይጠጣ አይጫወትም» ብሎ ሁሉንም ሲያስቃቸው ታውኖ ግን አልሳቀም።

«ኮች፣ ግራ ዳሩን ወሰዱብኝ» አለ።

«ወሰድሁብህ። መሀል ላይ ግን ካንተ ሌላ ሰው የለኝም። መሀል የሚቆም ሰው ምንም ቢመጣበት ንቅንቅ ማለት የለበትም፤ አንተ ደግሞ በሬ ቢጎትትህ አትንቀሳቀስም።»

«ግራ ዳሩስ እንግዲህ ቀረብኝ ማለት ነው?»

«እናያለን» አሉት አቶ አርቪድ።

ቡድኑ በቀሩት ጨዋታዎች ገሚሱን አሸንፎ ገሚሱን ተሸነፈ። በሬይመንድ ቦታ የገባው ትንሽ ልጅ ግን ከጀርባው አልተመታም። ታውኖም ወደ ዲትሮይት አልሄደም። የሐሙሱ ሳውና እስከ መጨረሻው ቀጠለ፤ ነገር ግን ከዚያ ዓመት ወዲህ በሩ ገርበብ ብሎ ይተው ነበር። መጨረሻ የሚወጣ ማን እንደሆነም አቶ አርቪድ ማየት ትተው፣ ከልጆቹ እያንዳንዱ ወደ ማን እንደሚያይ ያዩ ጀመር። ወደ ሌሎቹ የሚያየውን ዳር፣ ወደ አንድ ጓደኛው ብቻ የሚያየውን ከዚያ ጓደኛው ጎን፣ ወደ ማንም የማያየውን መሀል ያቆሙ ነበር።

የብረት ማዕድኑ በ1978 ዓ.ም. ሲዘጋ አቶ አርቪድ ከነበሩበት ሥራ በጡረታ ተሰናበቱ። ማሠልጠን ያቆሙት ግን በ1986 ዓ.ም. ነው። አትክልት አልተከሉም፣ ዓሣ ማጥመድም አልወደዱም። ከጦርነቱ ወዲህ ከትውልድ ቦታቸው ርቀው የሄዱትም አንድ ጊዜ ብቻ፣ ለኢሌን ሠርግ ወደ ሚልዋኪ ሲሆን፣ በዚያም ለሙሽራው ወገን ወንበሮች እንዴት መደርደር እንዳለባቸው ነግረው እንደገና እንዳስደረደሯቸው ይወራል። ባለቤታቸው ወይዘሮ ሌምፒ በ2003 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋቸዋል።

ሬይመንድ በአውራጃው የመንገድ ቢሮ ንድፍ አውጪ ሆነው ሠሩ፤ ወይዘሮ ጆይስን አግብተው ሁለት ሴቶች ልጆች አሳደጉ። አቶ ታውኖ ማዕድኑ እስኪዘጋ እዚያው ሠርተው፣ ከዚያ ወዲያ የከተማውን የበረዶ መጥረጊያ መኪና ሲነዱ ኖሩ። የሬይመንድን ደጅ በረዶ ከሌሎቹ ሁሉ አስቀድመው ይጠርጉ ነበር፤ ሬይመንድም ማን እንደሚጠርግላቸው ያውቁ ነበር። ይሁን እንጂ ሁለቱ ሰዎች ከአንገት ሰላምታ ያለፈ ነገር ተለዋውጠው አያውቁም። በሜዳ አንዱ በበሩ በኩል፣ አንዱ በሌላው ጫፍ ይቀመጡ ነበር። በቤተ ክርስቲያንም እንዲሁ። ጥል አልነበረም፤ ዕርቅም አልነበረም። አቶ አርቪድ የስንቱን ሰው ልጅ ጎን ለጎን አቁመው ሲያበቁ እነዚህን ሁለቱን ግን ጎን ለጎን ማቆም ተስኗቸው ኖሩ። በሕይወታቸው ያስጨነቃቸው ነገር ምን እንደሆነ የሚጠይቅ ቢኖር መልሱ ይኸው ነው።

በ2009 ዓ.ም. መከር ላይ በወጣትነታቸው ጉድጓድ ውስጥ የማጉት ብናኝ ሳንባቸውን አድክሞ አልጋ ላይ ጣላቸው። በዲሴምበር ወር አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ልጆቻቸውንና ፓስተር ሊንድቫልን አስጠርተው፣ ከአልጋቸው አጠገብ የነበሩትን የመድኃኒት ጠርሙሶች ብርድ ልብሱ ላይ በሁለት ረድፍ፣ ሦስት ሦስት አድርገው ደረደሩ። የአስከሬን ሣጥናቸውን የሚሸከሙት ሰዎች አቋቋም ነበር። በቀኝ በኩል ከፊት ጂኖን፣ መሀል አንደኛውን የኢሌን ልጅ፣ ከኋላ ክላይድን አደረጉ። በግራ በኩል ከፊት ሁለተኛውን የኢሌን ልጅ አቆሙ።

«ግራ መሀል አንተ ነህ» አሉት ሬይመንድን።

«አባባ፣ እኔ እኮ አንካሳ ነኝ። የቤተ ክርስቲያኑ ደረጃ በዚህ ወቅት ብርጭቆ ነው። ሌላ ሰው ይያዝ።»

«ግራ መሀል አንተ ነህ።»

«ብወድቅስ? ሰው ፊት ይዤዎት ልውደቅ?»

«ለዚያ ነው ከኋላህ ታውኖ የሚሆነው» ብለው የመጨረሻውን ጠርሙስ አስቀመጡ።

ሬይመንድ ጠርሙሱን ለረጅም ጊዜ ተመለከቱት። «ከጀርባዬ?» አሉ።

«ከጀርባህ። ግራ ዳርን የወሰድሁበት ጊዜ እናያለን ብዬው ነበር። እነሆ አየሁ።»

 ሬይመንድ ተነሥተው መስኮቱ ጋ ሄደው ቆሙ። ብርድ ልብሱ ወጣ ገባ ስለነበር የመጨረሻው ጠርሙስ ጋደል ብሎ ነበር። ሬይመንድ ተመልሰው መጥተው በሁለት ጣታቸው ቀጥ አድርገው አቆሙትና ካፖርታቸውን ለብሰው ወጡ።

አቶ አርቪድ ኒስካላ ልጆቻቸው በተገኙበት ዓርብ ጃንዋሪ 22 ቀን 2010 ዓ.ም. ረፋዱ ላይ በተወለዱ በሰማንያ ስድስት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። ከኋላቸው ልጃቸውን አቶ ሬይመንድንና ባለቤቱን ወይዘሮ ጆይስን፣ ልጃቸውን ወይዘሮ ኢሌንን፣ ከሁለቱም የተወለዱ የልጅ ልጆቻቸውን፣ ታናሽ ወንድማቸውንና በየመከሩ ያሠለጠኗቸውን ልጆች ሁሉ ትተዋል። መሬቱ በረዶ ስለሆነ አስከሬናቸው ከቤተ ክርስቲያኑ ጓሮ ባለው የድንጋይ ቤት እስከ ጸደይ ያርፋል፤ በሜይ ወርም ከወይዘሮ ሌምፒ በስተግራ ይቀበራል።

ተሸካሚዎቹ ስድስት ሰዎች ትናንት ከሰዓት በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ደረጃ ላይ ልምምድ አድርገዋል። በአቶ አርቪድ እጅ ያለፈ ሰው ሳይለማመድ የሚሠራው ነገር የለም። ረጅሙን አግዳሚ ወንበር አውጥተው የመንገድ ጨው ከረጢቶች ጭነውበት፣ እያንዳንዱ በተነገረው ቦታ ቆሞ መውረድ ጀመሩ። ደረጃው መካከል ሲደርሱ የአቶ ሬይመንድ ግራ እግር ወደ ውጭ ተንሸራተተ። በማዶ በኩል ከኋላ የነበሩት አቶ ክላይድ፣ «ውጭ! ታውኖ፣ ውጭውን!» ብለው ጮኹ። ሰውየው በዕድሜያቸው ሁሉ ድምፃቸውን ከፍ ያደረጉት ሁለት ጊዜ ብቻ ሳይሆን አይቀርም፤ ሁለቱንም ጊዜ ያሉት አንድ ነገር ነው። አቶ ታውኖ የያዙትን የወንበር ጫፍ ወዲያው ለቀቁ። አቶ ሬይመንድን ከጀርባቸው በሁለት ክንዳቸው አቅፈው ያዟቸው። ወንበሩ ጋደል አለ፤ የቀሩት አራቱ ግን አልጣሉትም። አንድ ከረጢት ብቻ ወድቆ ፈንድቶ ጨዉ እስከ ታች ድረስ ፈሰሰ።

አቶ ሬይመንድ ሚዛናቸውን ካገኙ በኋላም ወዲያው አልተነሡም። በአቶ ታውኖ ደረት ላይ ተደግፈው ጥቂት ቆዩና፣ «ዘንድሮ ሰማህ» አሉ።

«ወደ እኔ ጆሮ መንገዱ ሩቅ ነው» ሲሉ አቶ ታውኖ መለሱ።

አቶ ጂኖ ከፊት ሆነው ዓይናቸውን በጓንታቸው እየጠረጉ፣ «ኮች ቢኖሩ ኖሮ ይህን ሁሉ አይተው የሚሉት አንድ ነገር ነው፤ ድገሙት» አሉ። ወንበሩን መልሰው ወደ ላይ አወጡትና ደገሙት። ሁለተኛውን ጊዜ ማንም አልተንሸራተተም።

ዛሬ ሣጥኑ ሲወጣ በግራ በኩል ከኋላ የምታዩት ሰው አቶ ታውኖ ሃካላ ናቸው። ቦታቸው ነው።

ሰውን ሁሉ ያለ ስሕተት በየቦታው የሚያቆም አምላክ፣ የወንድማችንን የአርቪድን ነፍስ ከቅዱሳኑ መካከል በመረጠላት ሥፍራ ያቁምልን። ሌላውን ለመጠበቅ በቆሙባቸው ዓመታት ሁሉ የእርሳቸውን ጀርባ የጠበቀ እርሱ ነውና፣ በዚህም መንገድ ከኋላቸው ይሁን። ለሐዘንተኞችም ጎናቸው የሚቆም ሰው አያሳጣቸው። አሜን።